የወንድሜ ወረቀት

በዚህ ቡሌቲን ላይ ከዚህ ቀደም የወጡት ጽሑፎች በአብዛኛው ስለ ዲፓርትመንታችንና ስለ ግቢ ሕይወት ነበሩ። የእኔው ከክፍል ይጀምርና ትንሽ ራቅ ብሎ ይሄዳል። ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ሴሚስተር ስለ ቀጥተኛ የውጭ ኢንቨስትመንት ስንማር መምህራችን በመሀል ላይ "አንዳንድ አገሮች ገንዘብ ይዞ ለሚመጣ የውጭ ሰው የመኖሪያ ፈቃድ ይሰጣሉ" አሉን። ከኋላ የተቀመጠ አንድ የዱራሜ ልጅ "ቲቸር፣ እንደዚያ ከሆነማ እኛ አገር ሁሉም ኢንቨስተር ነው!" ሲል ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። መምህራችንም ሳቁና "እስቲ ደቡብ አፍሪካ ዘመድ የሌለው እጁን ያውጣ" አሉ። የወጣው ሁለት እጅ ብቻ ነው፤ አንዱ የደብረ ታቦር፣ ሌላው የነቀምት ልጅ።

እኔም ስቄአለሁ። ማታ ዶርም ገብቼ ግን ነገሩ አልለቀቀኝም። ምክንያቱም ቀልዱ እውነት ነው። በሆሳዕና፣ በሾኔ፣ በዱራሜ፣ በአንጋጫ ወይም በሺንሺቾ ያደገ ሰው እንደሚያውቀው አንድ ልጅ ወደ ደቡብ ሲሸኝ ቤተሰቡ በዕድሜ ልኩ አውጥቶት የማያውቀውን ገንዘብ ያወጣል። ለከብት፣ ለቤት፣ ለትምህርት ያልወጣ ገንዘብ ለዚያ መንገድ ይወጣል። ይህ ኢንቨስትመንት ካልሆነ ምን ሊባል ነው? ጥያቄው ግን ሌላ ነው። በዚያ ገንዘብ የተገዛው ምንድን ነው? እኔ ይህን የምጠይቀው ስለ ሰው ብዬ አይደለም፤ ስለ ታላቅ ወንድሜ ነው። ቀጥሎም ስለ ራሴ።

ወንድሜ የሄደው በ2003 ዓ.ም. ነው፤ እኔ የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ቤታችን ሌሞ ወረዳ ነው፤ ሆሳዕና ገበያ በእግር የሚደረስበት። አባቴ ሁለት በሬዎች ሸጠ፣ 10 ሺህ ብር። ከጓሮ ያለውን ባህር ዛፍ ለነጋዴ ሰጠ፣ 12 ሺህ። ከወንዙ በኩል ያለችውን ማሳ ለአምስት ዓመት ኮንትራት ሰጠ፣ 8 ሺህ። የጎደለውን 10 ሺህ አጎቴ አበደረን። ድምሩ 40 ሺህ ብር። ይህን ቁጥር ማንም አስተምሮኝ አይደለም፤ በልጅነቴ ማታ ማታ እሳት ዳር እየተደጋገመ ሲነገር ሰምቼ ነው በቃሌ የያዝኩት። ከዚያ በኋላ ለሁለት ክረምት የሰው በሬ በልመና ነበር የምናርሰው።

ያኔ አደጋው አይታወቅም ነበር እንዳይባል። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2008 ከጆሃንስበርግ አሌክሳንድራ ሰፈር ተነሥቶ በተዛመተው በውጭ አገር ሰዎች ላይ ያነጣጠረ ጥቃት ከ60 በላይ ሰዎች መሞታቸውን ሬዲዮ ሁሉ አውርቶታል። ቢሆንም መንገዱ አልቆመም። ሞያሌ፣ ናይሮቢ፣ ታንዛኒያ፣ ማላዊ እያለ ይሄዳል። ወንድሜ በመንገድ ላይ ባለ አንድ አገር ሦስት ወር ታስሯል፤ ስለዚያ ጊዜ የነገረኝ ነገር ቢኖር "ብርዱ" የሚል አንድ ቃል ብቻ ነው። በሰባተኛው ወር ሊምፖፖን ተሻግሮ ሙሲና ገባ። ሙሲና የደቡብ አፍሪካ የመጨረሻዋ የሰሜን ከተማ ስትሆን የስደተኞች መቀበያ ቢሮ አላት። እዚያ ተሰልፎ ወረቀት አወጣ።

የኛ ሰው "ወረቀት" ወይም "ፔፐር" የሚለው ይህንን ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው የአገሪቱ የስደተኞች ሕግ በአንቀጽ 22 ጥገኝነት ለጠየቀ ሰው ጉዳዩ እስኪታይ ድረስ በአገሪቱ የሚቆይበትን ፈቃድ ይሰጣል። ባለ ወረቀቱ መሥራትና መማር ይችላል። ጊዜው ሲያልቅ ያሳድሳል። ወንድሜ ይኸው ለአሥራ አምስት ዓመት ሲያሳድስ ኖሯል። አንዴ ለስድስት ወር፣ አንዴ ለሦስት ወር። የኮሮና ጊዜ ቢሮዎቹ ሲዘጉ ማሳደሱ በኢንተርኔት ሆነና ያ ትንሽ እፎይታ ነበር፤ ከዚያ በፊትማ ለአንድ ማኅተም ሌሊት ወጥቶ ሰልፍ ላይ ማደር ነበረበት።

ከክፍሉ ቀልድ በኋላ ባለው ሳምንት እውነተኛው የኢንቨስተር በር ምን እንደሚመስል ማንበብ ጀመርኩ። ምን ልበላችሁ፣ ለአካውንቲንግ ተማሪ የሚጥም ንባብ ነው። የደቡብ አፍሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣ ሲሆን ለውጭ ነጋዴ የንግድ ቪዛ የሚባል አለው። እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው ደንብ መሠረት አመልካቹ ቢያንስ 5 ሚሊዮን ራንድ በሥራው ላይ ማዋል አለበት። ወደ ብር ስትመነዝሩት በዐሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ነው። ከሠራተኞቹ ውስጥ 60 በመቶው የአገሪቱ ዜጎች ወይም ቋሚ ነዋሪዎች መሆን ይገባቸዋል። ከንግድና ኢንዱስትሪ መሥሪያ ቤቱም የድጋፍ ደብዳቤ ያስፈልጋል። ለአገሪቱ ጥቅም አለው ለተባለ ዘርፍ የገንዘቡ መጠን ሊቀነስ ይችላል፤ ሳሙናና ዳቦ የሚሸጥ የሰፈር ሱቅ ግን ከዚያ ውስጥ እንዲቆጠር ማንም አይጠብቅም። ሌላም በር አለ። 12 ሚሊዮን ራንድ የተጣራ ሀብት እንዳለው ያረጋገጠ ሰው፣ ሲፈቀድለት 120 ሺህ ራንድ ከፍሎ፣ ምንም ሥራ ባይከፍት እንኳ ቋሚ ነዋሪ መሆን ይችላል።

አንድ ነገር ደግሞ አስገረመኝ። ለንግድ ቪዛው ገንዘቡ መኖሩን የሚያረጋግጠው በዚያ አገር የተመዘገበ የሂሳብ ባለሙያ ነው። ባለሙያው ፊርማውን ካላኖረበት ማመልከቻው አይታይም። ይኼ እኛ የምንማረው ሙያ ነው እኮ! የበሩ ቁልፍ ካለባቸው እጆች አንዱ የኛ ዓይነት ሰው እጅ ነው ማለት ነው።

ይህ የደቡብ አፍሪካ ብቻ ነገር አይደለም። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ ለባለሀብት የመኖሪያ ፈቃድ ትሰጣለች፤ ከ2022 ወዲህ ትንሹ መጠን 800 ሺህ ዶላር ሆኗል። ቱርክ 400 ሺህ ዶላር የሚያወጣ ቤት ለገዛ ዜግነት ትሰጣለች። በአውሮፓ ግን ነገሩ እየተጣበበ ነው። እንግሊዝ በ2022፣ ስፔን በ2025 በሩን ዘግተዋል፤ የማልታን ዜግነት የመሸጥ አሠራር ደግሞ የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በዚያው በ2025 ሕገ ወጥ ብሎታል። ምክንያቱ የቤት ዋጋ መናርና የቆሸሸ ገንዘብ ነው ይላሉ። ለባለሀብቱ አንዱ በር ቢዘጋበት ሌላ አገር የአውሮፕላን ትኬት ይቆርጣል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020 በሞዛምቢክ ቴቴ ክፍለ ሀገር በጭነት መኪና ኮንቴይነር ውስጥ ታፍነው የሞቱ 64 ሰዎች ተገኝተዋል፤ ኢትዮጵያውያን ናቸው ተባለ፤ ከውስጡ የተረፉት 14 ነበሩ። በታኅሣሥ 2022 ደግሞ በሉሳካ አቅራቢያ መንገድ ዳር ተጥለው የተገኙት 27 ነበሩ። እነሱም ከፍለዋል። ያ ዜና በመጣ ቁጥር በሆሳዕና ስንት ቤት ስልክ ይዞ እንደሚያድር ለናንተ መንገር አያስፈልገኝም።

ያነበብኩትን ይዤ ለወንድሜ ደወልኩ። በኢሞ ነው የምንነጋገረው፣ እሱ ሱቅ ከዘጋ በኋላ።

"ጋሼ፣ የሱቅህ ካፒታል ስንት ነው?"

"ምነው፣ ልትበደረኝ ነው?"

"የለም፣ ለትምህርት ነው።"

"ከሸሪኬ ጋር መቶ ሰማንያ ሺህ ራንድ ገደማ ይሆናል። ዱቤውን ሳትቆጥር።"

5 ሚሊዮን ስለው ሳቀ፤ ረጅም ሳቅ። "እነሱ የሚሰለፉበትን ሰልፍ እኛ የት እንዳለም አናውቀው" አለኝ።

ቀጥዬ ለዓመታት ልጠይቀው የፈራሁትን ጠየቅሁት። ጥገኝነት የሚሰጠው በማንነቱ ወይም በአመለካከቱ ለሚሳደድ ሰው ነው። የኛ ቤት ችግር የታወቀ ነው፤ አንድ ጥማድ ማሳና ስድስት ልጅ። "ሙሲና ምን ብለህ ነገርካቸው?" አልኩት። ትንሽ ዝም ብሎ "ከፊቴ የነበሩት ያሉትን" አለኝ። ሌላ አልጨመረም፤ እኔም አልገፋሁበትም። እውነቱን ተናግሮ የሚገባበት በር ቢኖር ኖሮ ወንድሜ እውነተኛ ሰው ነው። ድንች በሚሸጥበት ጊዜ እንኳ የተበላሸችውን ከላይ አድርጎ የሚያሳይ ልጅ ነበር። በዚያ ወረቀት ላይ ግን የሠፈረው ታሪክ የሌላ ሰው ነው፤ ይኸው አሥራ አምስት ዓመት በዚያ ታሪክ ይታደሳል።

ወደ ሱቁ ልመለስ። መጀመሪያ ሁለት ዓመት የሠራው ለአንድ የሆሳዕና ሰው ነው፤ እነሱ "ቦስ" ይሉታል። ብርድ ልብስና የአልጋ ልብስ በጫንቃው ተሸክሞ በሎኬሽን ቤት ለቤት በዱቤ ያዞር ነበር። ሎኬሽን የሚሉት የአገሩ ድሆች የሚኖሩበትን የከተማ ዳር ሰፈር ነው። ከዚያ እቁብ ገብቶ፣ እቁቡ ሲደርሰው ከአንድ የሺንሺቾ ልጅ ጋር ሸርከው ሱቅ ተከራዩ፤ ስፓዛ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2015 ተዘረፈ። ፍሪጁን ሳይቀር ነው የወሰዱት። እንደገና ከባዶ ጀመሩ።

ስለ ሕጉ ሳነብ ያገኘሁትን አንድ ደስ የሚል ነገር ግን ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ወንድሜ ራሱ አያውቀውም ነበር። በሊምፖፖ ክፍለ ሀገር እ.ኤ.አ. በ2012 ፖሊስ የውጭ ሰዎችን ትናንሽ ሱቆች በዘመቻ ሲዘጋ የሶማሊያውያን ማኅበርና የኢትዮጵያውያን ኮሚኒቲ አብረው ከሰሱ። በ2014 የይግባኝ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጥገኝነት ጠያቂ የራሱን ሥራ ፈጥሮ የመነገድ መብት አለው፣ ፈቃድም መጠየቅ ይችላል ሲል ፈረደላቸው። እንግዲህ ወንድሜ በዚህ ፍርድ ጥላ ሥር ነው ያለው። በኅዳር 2024 ደግሞ ቢያንስ 22 ሕፃናት ከምግብ መመረዝ ጋር በተያያዘ ከሞቱ በኋላ ፕሬዚዳንት ራማፎሳ ሁሉም ስፓዛ ሱቆች በ21 ቀን እንዲመዘገቡ አዘዙ፤ ቀኑ በኋላ እስከ የካቲት መጨረሻ 2025 ተራዘመ። ወንድሜም ፎርሙን ይዞ ሰልፍ ወጣ። መነገድ ይችላል፤ መኖር ግን እስከሚቀጥለው ማኅተም ነው። ይህን ልዩነት እኔ ከመጽሐፍ ከማንበቤ በፊት በአባታችን ቀብር ነበር ያየሁት።

አባቴ ያረፈው በ2014 ዓ.ም. ነው። ወንድሜ መምጣት አልቻለም። ጥገኝነት ጠያቂ ሸሸሁ ወዳለበት አገር ከተመለሰ ጉዳዩ እንደተወ ይቆጠርበታል፤ ወረቀቱ ይወድቃል፣ ሱቁም አብሮ። የትኬቱ ገንዘብ ነበረው። 5 ሚሊዮን ይዞ የገባ ሰው ቢሆን ኖሮ በማግስቱ ደርሶ፣ ቀብሮ፣ ሠልስቱን በልቶ ይመለስ ነበር። እኔ ስልኩን ከፍ አድርጌ ይዤ ከመቃብሩ አፋፍ ቆምኩ። ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ፊቱ ድርቅ ይልና ደግሞ ይመለሳል። ለለቅሶው የሚበቃ ገንዘብ በሐዋላ ልኮ ነበር፤ ድንኳኑም፣ በሬውም የሱ ነው። አልቃሾች የሱን ስም እያነሡ ሲያለቅሱ የማያውቅ ሰው የሞተው እሱ ይመስለው ነበር።

አሁን ሒሳቡን በተማርነው መንገድ ልሥራው ብዬ ደብተር አወጣሁ። በአንድ በኩል 40 ሺህ ብርና አሥራ አምስት ዓመት። በሌላ በኩል ባለ ሦስት ክፍል ቆርቆሮ ቤት፣ የሁለት እህቶቼ የነርስነት ትምህርት፣ የእኔ የግቢ ወጪ፣ የአባቴ ሕክምናና ቀብር፣ ጎፈር ሜዳ የተገዛች ትንሽ ቦታ። ማንም አይቶ ኪሳራ ነው ሊል አይችልም፤ እኔም አልልም። በሱ ገንዘብ የተማረ ሰው "ስደት ከንቱ ነው" ብሎ ቢጽፍ ውሸታም ነው። ግን ወረቀቱን የት ላስገባው? ኢንታንጀብል አሴት እንዳልለው፣ አንድ ሀብት ሀብት የሚሆነው ባለቤቱ ሲቆጣጠረው ነው ብለው አስተምረውናል። ወጪ ነው እንዳልል ደግሞ ሱቁ የቆመው በሱ ላይ ነው።

ይህን ሁሉ የማነሣው ለዕውቀት ብቻ አይደለም። በእናቴ ስም በባንክ 500 ሺህ ብር ተቀምጧል። የላከው ወንድሜ ነው፤ የተላከውም ለእኔ መንገድ ነው። ሸሪኩ ወደ ሌላ ከተማ ሊሄድ ስለሆነ ወንድሜ የሚታመን ሰው ይፈልጋል፤ "ሱቁን ለባዳ አልሰጥም" ይላል። አጎቴ፣ ያ 10 ሺህ ያበደረን፣ ከተመረቅሁ ማግስት እንድነሣ ይፈልጋል። "ዲግሪ ይዞ ባጃጅ የሚነዳ ስንት አለ?" ሲለኝ መልስ አጣሁ፤ ምክንያቱም አለ፤ ከእኛው ዲፓርትመንት የተመረቀ አውቃለሁ።

ነገሩ የተነሣው በመስቀል፣ በያሆዴ ቀን ነው። ቤተሰቡ ሁሉ ተሰብስቦ አተካናው ቀርቦ፣ ወንድሜም እንደ ሁልጊዜው ስልክ ላይ ሆኖ ከቅቤ ቅሉ ጋር ተደግፎ ያየናል። አጎቴ "እንግዲህ ልጁ ይሂድ" አለ። እኔም ያነበብኩትን ተናገርኩ። ከጥር 2020 ወዲህ ሕጉ መጥበቁን፣ ድንበር ላይ የሚሰጠው ወረቀት ለአምስት ቀን ብቻ እንደሚያገለግልና በዚያ ጊዜ ቢሮ መድረስ ግዴታ መሆኑን፣ አዲስ ገቢ እንደ ወንድሜ ዘመን እንደማይስተናገድ ነገርኳቸው። 500 ሺው ብር ለደላላ የሚከፈል እንጂ ፈቃድ የሚገዛ እንዳልሆነም ተናገርኩ። አጎቴ ተቆጣ። "አንተን ያስተማረህ ያ ወረቀት አይደለም ወይ?" አለኝ። እውነቱን ነው። እናቴ ምንም አላለችም፤ ስልኩን አንሥታ በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ መልሳ አስቀመጠችው።

ወንድሜ ከስልኩ ውስጥ ዝም ብሎ ሲሰማ ቆየና "እሺ፣ አንተ ባለሙያ ነህ። ሱቁን ልሽጠው ብል ስንት ያወጣል?" አለኝ።

ሁላችንም ደነገጥን። እንደሚሸጥ አልነገረንም፤ አይሸጥም ብሎም አልነገረን። ዕቃ ቆጥሮ እንዲልክልኝ ጠየቅሁት። በሳምንቱ የደብተር ገጾች ፎቶ እያነሣ ላከልኝ። የበቆሎ ዱቄት፣ ስኳር፣ ዘይት፣ ሻማ፣ የስልክ ካርድ፤ በእንግሊዝኛና በአማርኛ የተደባለቀ፣ የተሰረዘ፣ እንደገና የተጻፈ። ቆጠራው ቀላል ነበር። ከባዱ የዱቤ መዝገቡ ነው፤ ከዕቃው ሊበልጥ ጥቂት ነው የቀረው። ስም የለውም። "ቀይ በር"፣ "አስተማሪዋ"፣ "የታክሲው ልጅ"፣ "ጥግ ላይ ያለችው አያት" እያለ ይሄዳል።

እኔም በተማርኩት መሠረት ከተሰብሳቢው ውስጥ የማይከፈለው በመቶኛ ስንት ሊሆን እንደሚችል ጠየቅሁት። ጥያቄው አልገባውም። አንድ በአንድ ይነግረኝ ጀመር። ቀይ በር ወር ሲገባ ይከፍላል። አስተማሪዋ ትዘገያለች እንጂ አትክድም። የታክሲው ልጅ መኪናው ተበላሽቶበታል፣ ይታገሡታል። አያቲቱ በተዘረፉበት ሌሊት እሱንና ሸሪኩን ጓዳዋ ደብቃ ያሳደረች ናት፤ የሷን ጨርሶ እንዳልቆጥረው ነገረኝ። እስካሁን ሦስት ገጽ ጨርሰናል፤ አራት ይቀረናል። አጎቴ አላናግርህም እንዳለኝ ነው፤ ገንዘቡም በእናቴ ስም እንዳለ ነው።